የሰማንያ ቀኗ ልጅ

ሃኒ፣

የምስር ወጡ ድስት ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ። ውሃ ከመጣ በርሜሉን ሙዪ፤ ትናንት ጠብ አላለም።

እኔ ወለንጪቲ ሄጃለሁ። የጋዲሴ ልጅ ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሳለች። አያቷ በማለዳ ደውለው «ሃኒ ተነሳች ወይ?» ሲሉኝ፣ መንገድ ላይ ናት አልኳቸው። ላንጋኖ ልትዝናና ሄዳለች ልበላቸው? ስልክሽ እንደሆነ ዝግ ነው።

የገዛሽላትን ነጭ ቀሚስ ከቁም ሳጥኑ ወስጃለሁ። እሱ እንኳ ይድረስላት።

ክርስትና እናት ሆኜ ልቆምላት አልችልም። ጴንጤ ነኝ፤ ቄሱ አይቀበሉኝም። የምሄደው አሮጊቷ ብቻቸውን መንገድ መንገዱን እንዳያዩ ነው።

ጋዲሴ ልትሞት ሰሞን ሆስፒታል ተኝታ፣ እጇን ይዘሽ «በማርያም፣ ለልጅሽ እኔ አለሁላት» ብለሽ ስትምዪላት፣ አልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። አንቺ ስትወጪ ጠራችኝ።

«ሜቲዬ፣ አይክፋሽ። ለአንቺ ብሰጣት ደስ ባለኝ፤ ግን የእኛ ሃይማኖት ሰው ያስፈልጋታል» አለችኝ።

አልከፋኝም አልኳት።

ያን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ሜቲ