የኩላሊትህ ዘበኛ

ውድ አጎቴ፣

እኔ የእህትህ ሁለተኛ ልጅ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሚከተለውን ወንጀል መፈጸሜን በትሕትና አምናለሁ፦ ውሃ ሰርቄአለሁ። ከሰው ቤት አይደለም፤ ከገዛ ቤታችን፣ በጡጦ። ግብረ አበርም አለኝ። ገና መዳህ የጀመረ፣ ባለ ሁለት ጥርስ፣ ሲያዩት ምስኪን የሚመስል ሰው ነው። የእህቴ ልጅ። አንተ አላየኸውም። ፊቱ ቁርጥ አንተን ነው። ጥማቱም ያንተው ነው፤ የምጽፍልህም በእሱ ምክንያት ነው።

ስልክ ስለማታነሳ ይህን ለጋራዡ ሰውዬ እሰጠዋለሁ፤ የቦቴህ ወንበር ላይ ያስቀምጥልሃል። በነገራችን ላይ፣ ውሃ የጠማው ሰው የውሃ ቦቴ ሹፌር መሆኑ ሁሌም ያስቀኛል። ጅብ ሥጋ ቤት እንደመቅጠር ነው። አትቆጣ፤ ይህን ቀልድ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ከእህቴ ሠርግ ወዲህ ደጃችንን አልረገጥክም። እኔም ብሆን አልረግጠውም ነበር። ጋሽዬ ማይክሮፎኑን ከያዙ በኋላ ንግግራቸው ገና የራሳቸውን ልጅነት ሳይጨርስ አንተ ወደ መጸዳጃ ቤት ተነሣህ። ተመለስክ፣ ጠጣህ፣ ደግሞ ተነሣህ። የእናትህ የእማማ ታላቅ ወንድም ስለሆኑ ብቻ ሁሉን የሚያውቁት ጋሽዬም «በርሜሉ ሊፈስ ነው፣ መንገድ ልቀቁለት!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንተ ኮትህን አነሣህ፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረግከኝና ሄድክ። በቃ።

ያኔ ለማንም ያላልኩትን አሁን ልበልህ። እኔ ከዘመዶቼ ሁሉ የምኮራው ባንተ ነው። ከተማ ይዘኸኝ ስትዞር መንገዱን በመንገድ ስም ሳይሆን በመጸዳጃ ቤት ነበር የምታሳየኝ። «እዚህ ካፌ አስተናጋጇ ደግ ናት፣ ሳትገዢም ታስገባሻለች። እዚያ ማዞሪያው ላይ ያለው ባንክ ጥበቃው ክፉ ነው፣ የታመምሽ ምሰዪ።» ልጅ ሆነህ እማማ ጆጉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ ሲያስሩት፣ የአበባ ማስቀመጫውን ውሃ ጭልጥ አድርገህ አበቦቹን መልሰህ እንዳቆምካቸው የነገርከኝ አንተ ነህ። «ይጎመዝዛል፣ ግን ውሃ ነው» አልከኝ። እማማ የቆለፉት ክፋት አድሮባቸው አይደለም። አልጋ ስታረጥብ ጊዜ አመል መስሏቸው ነው። የለመደው አመል ነው፣ ካላገኘ ይተወዋል ብለው።

እና ምን ተፈጠረ መሰለህ? ሕፃኑ መጣና ታሪኩ እንደ አዲስ ጀመረ።

ጡት ይጠባል፣ ያስመልሰዋል። ይነጫነጫል። አይወፍርም። ዳይፐሩ ሲጨመቅ ባልዲ ይሞላል። የውሃ ብርጭቆ ሲያይ በሁለት እጁ ይንጠለጠልበታል። እህቴ ልትሰጠው ስትል ጋሽዬ ከሶፋው ላይ ፍርድ ይሰጣሉ፦ «ውሃ አታስለምዱት! እንደ አጎቱ ሊሆንባችሁ ነው?» እማማም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ደግሞ እየጠበቅኩ እሰርቃለሁ። ጠጥቶ ሲጨርስ እንዴት ብሎ እንደሚያየኝ ብታይ! ሰው እንደዚያ ካየህ ወንጀለኛ መሆን ክብር ነው።

ግን የኔ ስርቆት አልበቃውም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውዬ ስመጣ ሰውነቱ እሳት ሆኗል፣ ዓይኑ ሰርጉዷል፣ ማልቀስ እንኳ አቅቶታል። እማዬ የምትሰፋውን ቀሚስ ከነመርፌው ጥላ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሁላችንም ሆስፒታል ደረስን።

ሐኪሟ ደሙን አስመረመረች። ጨው በዝቶበታል፤ ውሃ አልቆበታል። ዳይፐሩ ግን ርሷል። «እንዴት ነው የሚደርቅ ልጅ ይህን ያህል የሚሸናው?» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«ቤት ውስጥ ምን ሲሰጠው ነው ዝም የሚለው?»

እኔ እጄን አወጣሁ፣ ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስል። «ውሃ። እኔ ነኝ እየሰረቅኩ የምሰጠው።»

እህቴ አፍጥጣ አየችኝ። ሐኪሟ ግን «ጎሽ፣ ደግ አደረግሽ» አለችኝ። «በቤተሰባችሁ እንዲህ ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ?»

ጋሽዬ ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር የጠፋቸው ይመስል ሽቅብ ይፈልጉ ጀመር።

«አለ» አልኩ። «አባረውት ነው እንጂ።»

ለማረጋገጥ አንድ ሆርሞን ሰጡት። ሌላው ሰው ይህን ሲወስድ ሽንቱ ያንሳል፣ ቀለሙም ይደምቃል። የእሱ ግን እንደ ቧንቧ ውሃ ኩልል ብሎ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ሐኪሟ ያስረዳችን። አንጎላችን ውሃ ሲያንሰን «ያዙ፣ አታፍስሱ!» የሚል መልእክት ይልካል። መልእክቱ በደም ተጉዞ ኩላሊት ይደርሳል። እዚያ ሴሎቹ በር ላይ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ተቀባይ ይሉታል፤ እንደ ዘበኛ በለው። መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፣ ውሃውም ይመለሳል። ይኼ ዘበኛ የሴሉን ግድግዳ ሰባት ጊዜ እየወጋ፣ ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ የተሰፋ ክር ነው። የልጁ ዘበኛ ግን በደንብ አልተሠራም። መልእክቱ ይመጣል፣ ያንኳኳል፣ የሚሰማው የለም።

እማዬ ስፌት ስትሰማ ነቃች። «አንድ ቦታ ላይ ስፌት ተዘሎ ነው?»

«ስፌቱ ሳይሆን ጨርቁ ሲቆረጥ፣ ቅዱ ላይ ነው ስህተቱ» አለች ሐኪሟ። «ዘበኛው የሚሠራው በጂኑ ልክ ነው። ጂኑ የሚወረሰው ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ነው፤ እናንተ ቤት እንዳየሁት። ሴት ሁለት ቅድ አላት፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ብዙ ጊዜ ይሸፍናል። ወንድ ግን ያለው አንድ ነው።»

አጎቴ፣ እስቲ አስበው። በዓይን የማይታይ፣ ማንም አመስግኖት የማያውቅ ነገር በእያንዳንዳችን ኩላሊት በር ላይ ቀንም ሌትም ቆሞ ውሃችንን ይጠብቃል። እኔ ክፍል ውስጥ ሳንኮራፋ እንኳ እየሠራልኝ ነው። አንተ ግን እሱ የሚሠራውን ሥራ ዕድሜህን ሙሉ በገዛ እጅህ ሠርተኸዋል፣ በብርጭቆ፣ በጆግ፣ በአበባ ማስቀመጫ። ቤቱ በሙሉ «አመል ነው» ሲልህ ሰውነትህን አመንክ። ባታምነው ኖሮ አሁን ደብዳቤ የምጽፍለት ሰው አይኖረኝም ነበር።

እማማ ከሐኪሟ ፊት አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ያዝ አደረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ሰጥቼው፣ እኔው ቀጣሁት።» ጋሽዬ ራሳቸው ተነሥተው ውሃ ቀዱላቸው። ታሪካዊ ቀን ነው።

ልጁ አሁን ደህና ነው። ውሃ እንደፈለገ፣ ጨው ትንሽ፣ መድኃኒትም አለው። መድኃኒቱ ለሌላው ሰው ሽንት የሚያበዛ፣ ለእሱ የሚቀንስ ነው። ጋሽዬ «ሐኪሟ ተሳስታለች» ብለው እስኪቀንስ ድረስ ተከራከሩ፤ ሲቀንስ «ብያለሁ» አሉ። ልጁን «ትንሹ በርሜል» እያሉ አቅፈው ውሃ የሚያጠጡት አሁን እሳቸው ናቸው።

ሐኪሟ ግን አንተን ትፈልግሃለች። ደምህ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳያል፤ ለልጁም፣ ለእህቴም፣ ነገ ለእኔም። ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ጎርፍ ያሳለፈ ኩላሊት ሳይታይ መቅረት የለበትም ብላለች። እባክህ ና። እኔ ተጣልተህ እንድትቀር አልፈልግም፤ ታመህ እንድትቀር ደግሞ ጭራሽ አልፈልግም።

አንድ የተከለከልኩትን ልንገርህ። እማማ ቁልፉን ከአንገታቸው ፈትተውታል። ጆጉን አውጥተው ጠዋት ጠዋት ያንተ ቦታ ላይ ያስቀምጡታል። ሲመሽ አበባ ያጠጡበታል፣ በማግስቱ እንደገና። «እንዳትነግሪው፣ ተለማመጠችኝ ይላል» ብለውኛል። እኔ ደግሞ መቼ ምስጢር ጠብቄ አውቃለሁ? እዚህ ከእማዬ ጨርቅ ክምር ጀርባ ተደብቄ…

«ጮሌ! አንቺ ጮሌ! ምንድነው የምትጽፊው?»

እማማ መጡ። ለውሃ ክፍል ማመልከቻ ነው አልኳቸው። አላመኑም። መነጽራቸውን አድርገው ከትከሻዬ በላይ እያነበቡ ነው። ጆጉ ጋ ደርሰዋል። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አልቆልኛል።

«ጮሌ» አሉኝ ቀስ ብለው። «‹ሙሉ ነው› ብለሽ ጨምሪበት።»