ሐጂ ሁመድ የተጋደሙበት ጣውላ

ሰኞ
ተስማማን! ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀን ተስማማን። የከባቢው አስተዳዳሪ፣ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር፣ የውኃ ክፍሉና እኛ የክሊኒኩ ሰዎች፣ ሁላችንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ። ዕድሜያቸው ሄዶ ቁመታቸው ለቀረ ሕፃናት በሳምንት ሦስት ቀን ዓሣ፣ ለሰፈሩ ደግሞ በቦቴ ንጹሕ ውኃ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ግን አንድ ግዴታ ጣለብኝ፤ የተለኩት ልጆች ስም እስከ ዓርብ ካልደረሰው ዓሣውን ለነጋዴ ይሰጣል። ምን ችግር አለው፣ አልኩት። ይሄ አፌ!

ማክሰኞ
አናጺው የመለኪያ ጣውላዬን ጨረሰልኝ። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛል፣ አናቱ ከላይኛው እንጨት ይገጥማል፣ እግሩ ከተንሸራታቹ። እንዴት እንዳማረ! ነገ የአፋሮቹ ሰፈር። መጀመሪያ የምለካው የሐስናን ልጅ ፋጡማን ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፣ የዓመት ልጅ እንኳ አታህልም። እሷ ከዝርዝሩ ከቀረች እኔ ምን ሠራሁ?

ረቡዕ
ጉድ ሆንኩ። ፋጡማን ጣውላው ላይ ሳስተኛት ሐስና መንጭቃ ወሰደቻት። ሌሎቹ እናቶችም ተከትለዋት ሄዱ። አንድም ልጅ አልለካሁም። በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ሁመድ ምክንያቱን ነገሩኝ፤ እዚህ ተጋድሞ የሚለካው ለመቃብር ነው። ሦስት ዓመት አሰብ ኖሬ ይህን አለማወቄ! ለስብሰባውስ ከሰፈሩ ማንን ጠራን? ማንንም።

ሐሙስ
በማለዳ አስተዳዳሪውን ያዝኩት። ሐጂ ሁመድ ከዛሬ ጀምሮ የሰኞው ኮሚቴያችን አባል ናቸው። እሳቸው ግን ጣውላውን ነገ ጠዋት ሰፈሩ መሐል አምጪው፣ ብቻ ነው ያሉኝ።

ዓርብ
ሐጂ ሁመድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሴቶቹ ሁሉ እያዩ፣ ጣውላው ላይ ጋደም አሉ። ጣውላው የሕፃን ነውና ከወገባቸው በታች ያለው አሸዋው ላይ ተዘረጋ። ከዚያ በአፋርኛ ተናገሩ፤ ያን ያህል እንኳ እሰማለሁ።
«ለሞት ከሆነ ተራው የእኔ ነው። ልጆቹ አይቀድሙኝም።»
ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሐስና አልሳቀችም፤ ግን ፋጡማን ይዛ መጀመሪያ የመጣችው እሷ ናት። ልጅቷ እሪ አለች፣ ተለካች፣ ተጻፈች! ሌሎቹም ተሰለፉ። ዝርዝሩን ለሊቀመንበሩ ሮጬ አደረስኩት፤ አነበበና ፈረመ። ዓሣው ከሰኞ ይጀምራል።

ሐስና ግን ከመሄዷ በፊት ከሻሿ ጫፍ ክር መዝዛ በፋጡማ ቁመት ልክ ቆርጣዋለች። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ትለካለች ስላት ክሩን ቋጥራ ያዘችና፣ «እኔም በዚህ እለካታለሁ፤ ማደጓን አያለሁ» አለችኝ።
ከኮሚቴው ሁሉ ይልቅ ያንን ክር ፈራሁት።