ከባለቤቱ ሞት በኋላ የተሠራ ጠመንጃ

ይድረስ ጀርመን አገር ላለው ልጄ ለምንይችል፤ የደብረ ወርቅ ማርያም በሰው አገር ጥላ ትሁንህ። እኛ ደህና ነን፣ ጉልበቴ ብቻ ደክሟል። የምትጽፈው እህትህ የዓለምዘርፍ ናት፤ ተማሪ ቤት ከተወች ወዲህ ከምላሷ በቀር ሥራ የያዘ ነገር የላትም። (ውሸት ነው! አሁን ማን እየጻፈ ነው?)

ያ የቅድመ አያትህ ጠመንጃ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለበት ወደ ታች ሲስቡት ጥይት የሚያጎርሰው፣ ጣጣ አመጣብን። አባትህ ዋጋውን ይገምትልኝ ብለው ለነጋዴው ለድረስ ቢያሳዩት፣ በማኅበርተኛው ፊት፣ «ብረቱ ላይ 1886 ይላል። ባለቤቱ በክፉ ቀን፣ በ1881 ሞቱ አላላችሁም? ከመቃብር ወጥተው ገዙት?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እህትህ «የፈረንጅ ዓመት ነው! ስምንት ቀንስለት፣ አንተ ደንቆሮ!» ብላ ጮኸች፤ ስድቡን እንጂ ቁጥሩን የሰማ የለም።

አባትህ ውሸታም ተባልኩ ብለው ከማኅበር ቀሩ። እኔም ማባበሉ ሰለቸኝ። ልጄ፣ የብረቱን ጽሑፍ እህትህ ገልብጣ ልካለች፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቅና የተሠራበትን ዘመን በእኛ አቆጣጠር ጻፍልኝ። ዋጋውን ግን ብዙም ቢሆን ትንሽም ቢሆን አትጻፍ፤ አባትህ አሁን የሚፈልጉት ቀና ብለው ማኅበር መግባት ነው። እመቤቴ ያንተን ዘመን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ታርዝምልህ።