የጣሪያው ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው

ለልጄ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፦

ያለሽበት ይቅናሽ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል። የእህትሽ ሕፃን ላይኛው ክፍል ነው የሚተኛው። አፍንጫው ቁርጥ የእኔን ነው፣ ምስኪን!

ስልክ እየተቆራረጠ ቢያስቸግር፣ ኩባንያው ጣሪያችን ላይ፣ ልክ ከሕፃኑ አልጋ በላይ፣ አንቴና ልትከል ብሎ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ፈረመ። የጣሪያውን በር የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩትና እነሱ አንቴና ሳይተክሉ እኔ ደረጃው ላይ ወንበሬን ተከልኩ።

«አባባ፣ የአንቴናው ጨረር ከሚፈቀደው በታች ነው» አለኝ የኩባንያው መሐንዲስ።

«ለክተኸዋል?»

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

«ልጄ፣ አርባ ዓመት በር ስገጥም በወረቀት ብቻ የተለካ ገጥሞ አያውቅም። ባለፈው ወር አንቴና ከተከላችሁበት ጣሪያ ሥር፣ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ገብተህ እያየሁህ ለካ!»

አባትሽ «አባዬ፣ አሳፈርከን እኮ» ይለኛል። ይፈር! ይጎዳል አላልኩም፤ አላውቅም። ያላወቁትን ግን ሕፃን ራስ ላይ አይሰቅሉም።

መሐንዲሱ ማክሰኞ መለኪያ ይዞ ወደዚያ ሕንፃ ሊወስደኝ ቀጥሮኛል። ቁጥሩን በዓይኔ አይቼ ደህና ከሆነ ቁልፉን እሰጠዋለሁ፤ አለበለዚያ ከነወንበሬ ይሸከመኝ።

እስከዚያ ድምፅሽ እየተቆረጠ ይመጣል፤ የሚያመኝ እሱ ብቻ ነው። እባክሽ በወረቀት ጻፊልኝ። ጽሕፈትሽ የዶሮ ጭረት ቢሆንም እችለዋለሁ።

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ከደረጃው ላይ ያልተነሳው አያትሽ