«ደክሞኛል» ማለትን ላስተማሩን ሊቀመንበር

ለተከበሩ የአብራሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣
ካሉበት ይድረስ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የአጭር ርቀት በረራዎቻችን በሙሉ ለአንድ የኮንትራት ድርጅት እንዲሰጡ ውል ተፈርሟል። በአየር መንገዱ በኩል ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ በአብራሪዎች በኩል እርስዎ ፈርመዋል። ውሉ የሚጸናው ሐሙስ በጠቅላላ ጉባኤ የአባላትን ድምፅ ካገኘ ነው።

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ያምዎት ስለነበር፣ ለማኅበሩ ቢሮ የተገዛው የቆዳ ወንበር ተስማምቶዎት እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቻለሁ። እኛ ደህና ነን። የበረራ ሠራተኞች ክፍልም ያው ነው፤ የሻይ ማሽኑ ዛሬም ያፈሳል፣ ሶፋው መሀሉ እንደሰረጎደ ነው፣ የቅደም ተከተል ዝርዝሩም ከመስኮቱ አጠገብ እንደተለጠፈ ነው።

ሙያችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ስለዚህ ዝርዝር ጥቂት ልበል። በእኛ ዘንድ ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ ካፒቴን ይሆናል፤ አማላጅም ብልጠትም አይሠራም። ጡረታ የሚወጣ ካፒቴን ከመጨረሻ በረራው ሲመለስ፣ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ በገዛ እጁ ይሰርዝና እስክሪብቶውን ለቀጣዩ ተረኛ ረዳት አብራሪ ያስረክባል። ባለፈው ወር «ሽማግሌው» የምንላቸው ካፒቴን እስክሪብቶውን የሰጡት ለእኔ ነበር። «በል እንግዲህ፣ ቀጣዩ አንተ ነህ፤ ግን ቦርጭህን ቀንስ፣ የካፒቴን ወንበር ጠባብ ነው» ሲሉኝ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እርስዎም ስቀው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ድርድሩ ያን ጊዜ አልቆ እንደነበር የሰማሁት ግን በዚህ ሳምንት ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ፤ ተራ መጠበቅ ለምደናል።

አንደኛ፣ ያለ ሥራ ስላላስቀሩን አመሰግናለሁ። በውሉ መሠረት አጭር ርቀት የምናበረው እኔና ከእኔ በታች ያሉት ሁሉ ወደ ኮንትራት ድርጅቱ መሄድ እንችላለን፤ እንደ አዲስ ተቀጣሪ፣ ከዝርዝሩ ግርጌ። ይህን ስነግራት ባለቤቴ ሳህን እያጠበች ነበር። «ይህን ሁሉ ዓመት ተሰልፈህ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ‹ወደ ሌላ መስኮት ሂድ› አሉህ በለኛ!» አለችኝ። ከማኅበራችን ይህን ያህል ግልጽ ማብራሪያ እስካሁን አልደረሰንም።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕረፍታችን ስላሰቡልን አመሰግናለሁ። በነባሩ ደንባችን አንድ አብራሪ «ደክሞኛል» ካለ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። በአዲሱ ድርጅት ግን ለአለቃው በጽሑፍ ያስረዳል፤ ማስረዳት ያበዛም ኮንትራቱ አይታደስለትም። ይህን አንቀጽ ሳነብ ልጄ ሆስፒታል የተኛችበት ሰሞን ትዝ አለኝ። እርስዎ ካፒቴኔ ነበሩ፣ እኔ ረዳትዎ። ተሳፋሪው ቀበቶውን አስሮ ሳለ ዓይኔን አዩና «ተኝተሃል?» አሉኝ። እንዳልተኛሁ ነገርኩዎት። በረራውን አስቆሙት። የአየር ማረፊያው ጣቢያ ኃላፊ እየጮኸ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመው፣ «ጌታዬ፣ ደክሞኛል ያለ ሰው ፈሪ አይደለም፤ ፈሪ ደክሞት ዝም ያለው ነው» አሉት። ይህን ቃልዎን ለአዲስ ገቢዎች ሁሉ ስነግር ኖሬያለሁ። አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው? ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ባልደከምኩ ነበር።

ሦስተኛ፣ ውሉ የረጅም ርቀት ካፒቴኖችን ተራ ሳይነካ ትቷል። እርስዎም ከሊቀመንበርነት ሲወርዱ የሚመለሱት ወደ ረጅም ርቀት ነው። አጋጣሚ ነው ብለዋል፤ ሲያድል እንዲህ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለው ተረት እኛን በአየር ላይ የምንውለውን አይመለከትም ብዬ ነበር፤ ስላረሙኝም አመሰግናለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ የሚመች ወንበርና ሙሉ እንቅልፍ እየተመኘሁልዎ፣ የሽማግሌው እስክሪብቶ ከደረት ኪሴ ሳይወጣ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በቀኝዎ ተቀምጦ ያመነዎት የቀድሞ ረዳትዎ

ማስታወሻ፦ ሊቀመንበር ሆነው የተመረጡ ዕለት፣ ሳያበሩ ቢቆዩም ተራዎ እንዲጠበቅልዎ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ፤ አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። ለሐሙሱ ጉባኤም ሌላ ሐሳብ አስመዝግቤያለሁ፦ ውሉ ከጸደቀ ያ ጥበቃ ተነሥቶ፣ እርስዎም በኮንትራት ድርጅቱ ዝርዝር ግርጌ፣ ከእኔ ቀጥሎ እንዲሰለፉ። ስምዎን በገዛ እጅዎ እንዲሰርዙም እስክሪብቶውን ይዤ እመጣለሁ። ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ነው።