ደሴት ላይ አለቀስኩልሽ

እማዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ፣ የሞተ ሰው እንዴት ነሽ ይባላል እንዴ? ግን እንዴት ነሽ። ጉለሌ በራችን ላይ ግንባሬን ስመሽ ከሸኘሽኝ አራት ዓመት አለፈ፣ ከሞትሽ ዓመት ከአምስት ወር፣ መሞትሽን ካወቅኩ ደግሞ ዘጠኝ ወር። ሦስቱንም እቆጥራለሁ፣ የቱን መያዝ እንዳለብኝ የሚነግረኝ የለም።

ድሮ በካሴት ነበር የማወራሽ፣ ዛሬ የምጽፈው ድምፄ ስለተዘጋ ነው። ጭራሽ አይወጣም፣ ትናንት ሥራ ቦታ በእጄ እያሳየሁ ነው የዋልኩት። ለምን እንደተዘጋ ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት። ጽሑፌ የአራተኛ ክፍል ጽሑፍ ነው፣ አንቺም ማንበብ አትችይም፣ ግን እዚያ ያለሽበት አንድ የሚያነብልሽ አይጠፋም።

የቤቱን ልንገርሽ መጀመሪያ። ወንድሜ ጣራውን አስቀይሮታል፣ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ መደርደር ቀረ ይላል። አልጋሽን አልሸጠውም፣ እንዳትሸጠው ብዬዋለሁ። እኔ ያው ለንደን፣ ቶተንሃም ነኝ፣ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴትዮ ጋ አንድ ክፍል ይዤ፣ ሥራዬ ፓርክ ሮያል ነው፣ ሳንድዊች ፋብሪካ። እንቁላሉን ሌላዋ ትቀባለች፣ ከላይ ዳቦውን የምከድነው እኔ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ መክደን ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ አልመጣም። ፖስተኛ ባየሁ ቁጥር መጋረጃ ኋላ እደበቃለሁ፣ ፈሪነቴን ታውቂው የለ።

ወንድሜን ግን ገና ይቅር አላልኩትም። ስምንት ወር ሙሉ ካሴቴን እየተቀበለ ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ጉንፋንሽ ተሻለሽ ወይ፣ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ እያልኩ እቀዳለሁ። ለመቃብር ዝንጅብል!

ከዚያ አንድ እሁድ ገና ሳይነጋጋ በር ተንኳኳ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተሰማ ከፊት፣ ከኋላቸው ሴቶቹ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳይ አወቅኩ። ጮህኩ። አንዴ ነው የጮህኩት እማዬ፣ አንዴ ብቻ፣ ጎረቤት ግድግዳውን ይደበድብ ጀመር፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ፖሊስ ከተፍ። እትዬ ዘነቡ ክንዴን ቆንጥጠው፣ ዋ ፈለቁ፣ ወረቀትሽን አስቢ አሉኝ። ፖሊሱ ማነው የጮኸው፣ ሰው ተጎድቷል ወይ ሲለኝ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ቴሌቪዥን ነው አልኩት። እናቴን ቴሌቪዥን አልኳት። እሱም ድምፁን ቀንሱት ብሎ ሄደ።

ሦስት ቀን ሰው መጥቶ ተቀመጠ፣ በሹክሹክታ። እግዜር ያጥናሽ በሹክሹክታ፣ ጸሎቱ በሹክሹክታ፣ እኔ ሳል የያዘኝ ይመስል ፎጣ አፌ ላይ ይዤ። ሙት ዓመትሽም እንደዚያው አለፈ፣ አዳራሹን የሚያከራየው ሰውዬ ጩኸት አይፈልግም ተባለ።

ለማን ነው ግን ይሄ የሆነው? ላንቺ! የጉለሌዋ ሙሾ አውራጅ፣ ከሽሮ ሜዳ ድረስ መጥተው አስካለን ጥሩልን የሚሉሽ፣ አንቺ ድንኳን ካልገባሽ ለቅሶው ለቅሶ የማይመስላቸው! እኔ እኮ አፍርብሽ ነበር፣ ልጆቹ የአልቃሿ ልጅ ሲሉኝ ከኋላሽ እደበቅ ነበር። ጫማ ሰፊው የሞቱ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ዘመድ የላቸው፣ ሰው ሰዓቱን እያየ ነው የቆመው፣ አንቺ ገብተሽ ቀስ ብለሽ፣

እኔስ መስሎኝ ነበር እንግዳ የመጣ፣
ለካ ባለቤቱ ከቤቱ ሊወጣ

ስትይ ያ ሁሉ ሰው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ሙሾ ከጉሮሮ አይወጣም፣ ከዚህ ነው ብለሽ ሆዴን በጣትሽ ወጋሽኝ፣ እኔ ደግሞ አልማርም ብዬ ሳቅኩ። ሳቅኩብሽ እኮ እማዬ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ማኅበሩ ፍልሰታ ሳይገባ በየዓመቱ ባስ ተከራይቶ ባሕር ዳር ይወስደናል። ዘንድሮ ሄይሊንግ የምትባል ደሴት ነው አሉ። ደሴት ሲሉኝ ጀልባ መስሎኝ ሌሊቱን በፍርሃት ስጸልይ አደርኩ፣ ለካ ድልድይ አላት፣ ባሱ ዝም ብሎ እያዛጋ ተሻገረ። ባሕር ዳሩ አሸዋ አይደለም፣ ጠጠር ነው፣ እግር ያስለቅሳል። ጠጠሩ ላይ ሰማያዊ የተቀባች የእንጨት ቡና ቤት አለች፣ በጋ በጋ ብቻ ነው የምትከፈተው፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የተጠበሰ ድንች፣ ቢራ፣ ሬድዮዋ የሚያንባርቅ፣ ጀርባቸው እንደ ቲማቲም የቀላ ሽማግሎች። ጋሽ ተሰማ ገና ከባሱ ሳንወርድ፣ ሴቶች እዚያ መጠጥ ቤት ድርሽ እንዳትሉ፣ እኛ የተከበርን ሕዝብ ነን አሉ።

እኔ መጠጡን ምን ላደርገው። ሰው ምሳ ሲዘረጋ ተነሳሁና ዝም ብዬ ውሃው ጠርዝ ላይ ሄጄ ቆምኩ፣ ቡና ቤቷ ልክ ከኋላዬ ናት፣ ፊት ለፊቴ ግን ማንም የለም፣ የሚደበደብ ግድግዳ የለም፣ ውሃ ብቻ ነው። ዛሬ ካልጮህኩላት እስክሞት አልጮህላትም አልኩ በሆዴ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፣ አፌን ከፈትኩ።

እማዬ፣ ዘጠኝ ወር የተከደነ ነገር እንዴት እንደሚወጣ ብትሰሚው! እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ደረቴን እየመታሁ፣ እማዬን፣ እማዬን፣ ከሆዴ፣ አንቺ በጣትሽ ከወጋሽኝ ቦታ።

ከዚያ ከኋላዬ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ዞር ስል እነዚያ የቀሉ ሽማግሎች ከነሱሪያቸው ወደ ውሃው እየሮጡ ነው! ሰው የሰጠመ መስሏቸው። አንደኛው የቢራ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ እንደያዘ እስከ ደረቱ ገባ። የቡና ቤቷ ባለቤት ፓም የምትባል ወፍራም ሴትዮ ሽርጧን እንደታጠቀች መጥታ ትከሻዬን ይዛ፣ ማነው፣ ማነው ውሃ ውስጥ ያለው ትለኛለች፣ እኔም እናቴ አልኳት። ወይ ጉድ፣ እናቷ ነች ብላ ብትጮህ ሰዎቹ ጭራሽ ጠልቀው ይፈልጉሽ ጀመር!

ጋሽ ተሰማ እያለከለኩ ደረሱ፣ አፍሽን ዝጊ አንቺ፣ ፖሊስ ይጠራሉ፣ ሁላችንንም ልታስበዪን ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ፓም ቀደም ብላ ደውላ ኖሮ ፖሊስ መጣ። እዚያው ጠጠሩ ላይ ቁጭ አልኩ እማዬ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ምን ሆነሻል አለኝ። ጋሽ ተሰማ ምንም አይደለም፣ ትንሽ አሟት ነው ሊሉ ጀመሩ። እኔ ግን፣ አልታመምኩም፣ እናቴ ሞታ ነው፣ ኢትዮጵያ፣ አምና፣ ጩኸቱ የኔ ነው አልኩ። በዚያ በተሰበረ እንግሊዝኛዬ። ስሟን አለ፣ ደብተሩን አውጥቶ። አስካለ ደምሴ አልኩት፣ ፊደል በፊደል ነገርኩት፣ አንድ ሲስት አስተካከልኩት። ጻፈሽ። የኔንም ስም ጻፈ፣ ይጻፍ! ከፈለጉ እሱን ይዘው ከጥገኝነት ኬዜ ጋር ያያይዙት።

ያ ብርጭቆ የያዘው ሽማግሌ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆሞ ለክብርሽ የሚያወልቀው ቆብ የለው ምን የለው፣ ራሱን ሲዳስስ ቆየና አንገቱን ደፋ። ፓም ዞር ብላ ሬድዮኑን አጥፉት ብላ ጮኸች፣ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝና፣ ታዲያ ለምን አቆምሽ የኔ ቆንጆ፣ በይ ቀጥይ አለችኝ። ፖሊሱም ቀጥይ አለ በእጁ።

አወረድኩ እማዬ። አልማርም ያልኩሽን አወረድኩ፣

ለሀገር አልቅሰሽ ለሰው ሁሉ ጮኸሽ፣
እንዲህ በሹክሹክታ እኔ እንዴት ልቅበርሽ

ያንቺን አያክልም፣ አውቃለሁ። ግን ማን ተቀበለኝ መሰለሽ? እትዬ ዘነቡ! ያ ክንዴን የቆነጠጡበት እጅ ደረታቸውን ሲመታ አየሁት፣ ታዬን፣ ታዬን እያሉ። ለካ የበኩር ልጃቸው ጦርነት ላይ ቀርቶባቸው፣ መርዶውን ከሌላ ሰው ጋር በሚጋሩት ክፍል ሰምተው፣ ስድስት ዓመት ትራስ ነክሰው ነው የኖሩት። ከዚያ ሌላዋ የአባቷን ስም፣ ሌላዋ የእህቷን። ፓምና እነዚያ እርጥብ ሽማግሎች ወንበሩን ሁሉ ወደኛ ዞር አድርገው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ከኛ ጋር ተቀመጡ፣ ሻይ አመጡ፣ ድንቹን ማንም ሳይጠይቅ አዞሩት። መጠጥ ቤት ድርሽ እንዳትሉ የተባለው ሕዝብ እዚያው መጠጥ ቤት በር ላይ ለቅሶ ተቀመጠ!

ስንመለስ ባሱ ውስጥ ጋሽ ተሰማ ተነስተው፣ ማኅበሩን አዋረድሽው ፈለቁ፣ ይሄ በስብሰባ ይታያል አሉ። ድምፄ ያን ጊዜ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ጋሽዬ፣ እርስዎም ሲሞቱ እንዲሁ ነው የምጮህልዎ፣ በሹክሹክታ አልቀብርዎትም አልኳቸው። ባሱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ለንደን ልንገባ ስንል ቀስ ብለው ወደኔ ወንበር መጡና፣ እውነትሽን ነው አንቺ ልጅ? አሉኝ። እውነቴን ነው አልኩ። አሃ፣ ብለው ሄደው ተቀመጡ።

እፈራለሁ አሁንም፣ አልዋሽሽም። ስብሰባው ቅዳሜ ነው፣ ይቅርታ ጠይቂ ይሉኛል፣ አልጠይቅም። ካባረሩኝም ያባርሩኝ፣ ወረቀቴም እምቢ ካለ እምቢ ይበል፣ እናትሽ የት ናት ላለኝ ሁሉ ሞታለች፣ ስሟ አስካለ ነው እላለሁ፣ ለፖሊስም ለዳኛም።

የሞትሽበት ቀን የካቲት ኪዳነ ምሕረት ነው። ባሱ ሳይነሳ ፓምን ስጠይቃት የካቲት ላይ ዝግ ነን፣ ወንበሩ ተሰብስቦ፣ በሩ በሳንቃ ተመትቶ፣ ነፋሱ ሰው ይጥላል፣ ውሻ እንኳን አይመጣም አለችኝ። ይሁን። ባቡር ተሳፍሬ፣ ከዚያ ባስ ይዤ፣ ድልድዩን ብቻዬን እሻገራለሁ፣ በየዓመቱ፣ እስካለሁ ድረስ። ሮጦ ውሃ ውስጥ የሚገባልኝ አይኖርም፣ የሚቀበለኝም አይኖርም። እኔ ግን አወርዳለሁ፣ አንቺ ተቀበይ።

ልጅሽ ፈለቁ