የማይነካው ባትሪ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 1

ዛሬም መብራት የለም። የአደጋ ጊዜ ቦርሳዬን አውጥቼ ፈተሽኩት። መነጋገሪያ ሬዲዮው፣ የአንቴናው ሽቦ፣ ገመዱ፣ እርሳሱ፣ የዝናብ ላስቲኩ... ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ባትሪውም ሙሉ። አውሎ ነፋስ ቢመጣ አንስቶ መሄድ ብቻ።

ጎረቤት በባትሪው ስልክ ቻርጅ አድርጊልኝ ብሎ መጣ። አይሆንም አልኩት። “ቦርሳዋን ያገባች” እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ባለፈው አውሎ ነፋስ ስልኩም መንገዱም ሲቆረጥ በሬዲዮ ሐኪም የጠራላቸው ማን ሆነና?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 3

ጋሽ ኤላዲዮን ልጠይቅ ሄድኩ። በሬዲዮ መነጋገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ቤታቸው ከኔ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ሳንባቸው ብሶባቸዋል። መድኃኒቱን እያተነነ የሚያስተነፍሳቸው ማሽን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። መብራት ብቅ ባለ ቁጥር ባለቤታቸው እትዬ ሶራይዳ ሮጠው ይሰኩታል። ጋሼ በባትሪም እንዲሠራ አድርገው ገጣጥመውት ነበር፣ የራሳቸው ባትሪ ግን ከሞተ ቆየ። አዲስ ከየት ይመጣል?

ገና ሳልቀመጥ ስለ ቦርሳው ባትሪ ጠየቁኝ። ሙሉ ነው ስላቸው ፊታቸው በራ።

“ለአምፖል እንዳትነኪው። ለአየር ማራገቢያ እንዳትነኪው። እኔ ራሴ ብለምንሽ እንዳትሰጪኝ።”

እትዬ ሶራይዳ ከጓዳ ሆነው፣ “ይሄ ሽማግሌ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ገብቶም ማዘዙን አይተውም” አሉ። ሳቅን። የሳቸው ሳቅ ሳል ሆኖ ቀረ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

አውሎ ነፋሱ እየመጣ ነው። የክፍለ ሀገሩን የሬዲዮ አማተሮች፣ እንደኔ በፈቃዳቸው በሬዲዮ መልእክት የሚያቀባብሉትን፣ የሚያስተባብረው ሬይኔል ከሰዓት በሬዲዮ ነገረን። ማክሰኞ በእኛ በኩል ይገባል። ለጥንቃቄ ተብሎ መብራት ከነገ ጠዋት ጀምሮ ጨርሶ ይቋረጣል።

ከወንዙ ማዶ ያሉት ቤቶች አልወጣም ብለዋል። አሳማቸውን፣ ዶሯቸውን ትተው የት ይሂዱ? ወንዙ ሲሞላ ጀልባ የሚጠራላቸው የኔ ሬዲዮ ብቻ ነው። ቦርሳውን በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ እትዬ ሶራይዳ በባዶ እግራቸው መጡ። “ባትሪውን፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ...” አሉኝ። ባትሪውን ሳልይዝ ተከትያቸው ሄድኩ። ለምን ሳልይዝ ሄድኩ? ልቤ ቀድሞ ወስኖ ነበር መሰለኝ።

ጋሽ ኤላዲዮ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አምቡላንስ ተጠርቷል፤ ከባሕሩ ዳር ሰው እያወጣ ነው፣ ጠብቁ ተብሏል።

“ስጪኝ” አሉ።

“ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ እኮ...”

“አውቃለሁ። ስጪኝ፣ ልጄ።”

ያ ማሽን ባትሪ ይጨርሳል። አንድ ጊዜ ከተጠቀሙበት ደግሞ ማታም ያስፈልጋል፣ ነገም ያስፈልጋል። የሚሞላበት መብራት የለም። ከወንዙ ማዶ ሕፃናት አሉ... ይህን ሁሉ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። “አልችልም” ብቻ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ፈርተው ነበር። ጋሽ ኤላዲዮ ፈርተው አይቼ አላውቅም።

መኪና ፍለጋ ሮጥኩ። አንዱ ነዳጅ የለኝም አለኝ፣ ሌላው በሩን አልከፈተም። ስመለስ ጎረቤቶች በካርቶን ያራግቡላቸው ነበር።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ጋሽ ኤላዲዮ ጎህ ሲቀድ አረፉ። አምቡላንሱ ረፋድ ላይ መጣ።

ቦርሳዬን ይዤ ወንዙ ዳር ያለው ትምህርት ቤት ገባሁ። አንቴናውን ሰቀልኩ። ጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላ አውሎ ነፋሱ ወደ ሰሜን ዞሮ ወደ ባሕር ወጣ ተባለ። እዚህ ትንሽ ዘነበ። ወንዙ አልሞላም። የማዶዎቹ ልጆች ውሃው ዳር ይጫወቱ ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ቀበርናቸው።

ማታ ባትሪውን ተሸክሜ እትዬ ሶራይዳ ጋ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለመብራት እንኳ ይሁንዎት አልኳቸው። በሩ ላይ ቆመው ባትሪውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

“አሁን ምን ያደርግልኛል?”

አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ተሸክሜው ተመለስኩ።

ነፋሱ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ትክክል እሆን ነበር? ትናንት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ እንዲመጣ ተመኝቻለሁ። እነዚያ ልጆች እዚያ እያሉ... ይምጣ ብያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

ምንም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

የወሩ ፍተሻ ዛሬ ነበር። ሬይኔል ሁላችንንም በየተራ በሬዲዮ ጠራን። አውሎ ነፋሱ ይመጣል በተባለበት ቀን የማን ባትሪ ምን ያህል ሞልቶ እንደነበረ ጠየቀ። ሁሉም እውነቱን ተናገረ። አንዱ ለልጅ ልጁ አየር ማራገቢያ ሰጥቶታል፤ ሙቀቱ ሊገድላት ነበር አለ። ሌላዋ ቤቷን አብርታበታለች። ሌላው የቴሌቪዥን ድራማው መጨረሻ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው አለ እየሳቀ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። በመላው ክፍለ ሀገር ሙሉ የነበረው የኔ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁሉም እንደዚያ ሲያደርግ ኖሯል። ጋሽ ኤላዲዮን እንደ ሕግ የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነኝ።

ሬይኔል ተቆጣ። እናንተን ተማምነን ነፋሱ ቢገባ ኖሮ ጉዳችን ነበር አለ። ከዚያ ድምፁን አለዘበ።

“ኒዩርካ፣ እስኪ ሁሉም ይስማሽ። መብራት በሌለበት አገር እንዴት አድርገሽ ነው ሙሉ ያቆየሽው?”

የጋሽ ኤላዲዮን መሞት ያውቃሉ። አሟሟታቸውን ግን አያውቁም። ደህና ሰንብቱ ብዬ ማጥፋት እችል ነበር። የመናገሪያውን አዝራር ተጫንኩ።

“ጋሽ ኤላዲዮ ሊተነፍሱበት ለመኑኝ። እምቢ አልኳቸው።”

አዝራሩን ለቀቅኩ።

በጣም ቆይቶ ሬይኔል፣ “ደርሶኛል” አለ። መልእክት ሲደርሰን የምንለው እሱን ነው።